ውሻ አለ ወይ?

አዛውንትን ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከብበትን የሆም ኬር ሥራ የሚሰጠኝ ኤጀንሲ ደውሎ «ጥሩ ኬዝ መጥቷል» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ሰዓቱም ስለ ክፍያውም አልነበረም። «ውሻ አለ ወይ?» ነበር። አስተባባሪዋ ሐበሻ ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ውሻ የሌለው ሽማግሌ ከየት ልፈልግልሽ?» አለችኝ አንድ ቀን። እውነቷን ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሆም ኬር የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ አዛውንት ቤት ስትሄዱ በር ላይ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ውሻው ነው። አልጋቸው ላይ የሚተኛውም እሱ ነው። አንዳንዱማ ከእኔ የተሻለ የጤና ኢንሹራንስ አለው።

ፈሪ ነሽ የሚለኝ ሰው የለም። በረዶ በሚጥልበት ሌሊት ዋሺንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ እነዳለሁ። ሰው የመጨረሻ ትንፋሹን ሲያወጣ እጁን ይዤ አውቃለሁ። ከድመት የማይበልጥ ውሻ ግን መናፈሻ ውስጥ ታስሮ ሳይ እጄ በላብ ይርሳል፣ አፌ ይደርቃል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። «ታስሯል እኮ!» እላለሁ ለራሴ። እግሬ ግን እሺ አይለኝም፤ መንገድ ተሻግሮ ሄዷል።

ኑሮዬን ሁሉ በዚህ ዙሪያ ሠርቼው ነበር። አፓርታማ ስከራይ ውሻ የማይፈቀድበትን ፈልጌ፣ በወር ብዙ ጨምሬ ነው። ሕንፃው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ውሻ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ሊፍት ተውኩና ከነአስቤዛዬ ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። ልጄ ጓደኛዋ ቤት ልደት ስትጠራ በር ላይ አድርሻት እመለሳለሁ፤ የልጅቷ እናት ኩራተኛ መስያት ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ በበጋም ጃንጥላ አይጠፋም። ለዝናብ እንዳልነበር መቼም ገብቷችኋል።

ዘመድ ወዳጅ የየራሱን መድኃኒት አዘዘልኝ። አንዷ ጠበል አለች። ሌላዋ «ኧረ ባክሽ፣ ጠጋ ብለሽ አንዴ ደባብሺውና ይለቅሻል» አለችኝ። አንድ የሰፈራችን ሰው ደግሞ «ውሻ መፍራት ምን ችግር አለው? ችግሩ ውሻ እያቀፉ መተኛት ነው» ብሎ ጠቅላላ አሜሪካን ወቀሰልኝ። የሱን ወድጄለት ነበር።

በመጨረሻ የሥነ ልቦና ሕክምና ከምትሰጥ ቴራፒስት ጋ የሄድኩት ጀግንነት አግኝቼ አይደለም። ሁለት ኬዝ በተከታታይ ስላመለጠኝና የቤት ኪራይ ስለማይጠብቅ ነው። ሴትየዋ ወጣት ናት፤ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ገና እንደተቀመጥኩ ተከራከርኳት። «እኛ አገር ውሻ መፍራት ጤንነት ነው» አልኳት።

እውነቴን ነበር። እኔ ፓስተር የሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ጉለሌ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ክትባት ፍለጋ የሚመጣው እኛ ሰፈር ነበር። ከየት ከየት ተጭነው ይመጡ ነበር። እምብርት ዙሪያ፣ በየቀኑ፣ መርፌ ይወጋሉ እየተባለ ሲወራ ነው ያደግነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን ጎረቤት ቡና ላይ ሲተረክ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከትምህርት ቤት ውጭ አንብቤ የተረዳሁት የመጀመሪያ ጽሑፍም በር ላይ የተለጠፈ ይመስለኛል፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው።

ቴራፒስቷ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አለች። «ልክ ነሽ።» ሐኪሞቹ ለይተው የሚያዩት ይህንኑ ነው አለችኝ። አንድ ፍርሃት ፎቢያ የሚባለው ከእውነተኛው አደጋና ሰውየው ከሚኖርበት አካባቢ ጋር ሲመዘን ከልክ ያለፈ እንደሆነ ነው። በዚያ ላይ 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ኑሮን የሚያደናቅፍ መሆን አለበት። ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ተሰብስበው የሚጮሁ ባለቤት አልባ ውሾችን መፍራት በሽታ አይደለም። «ሊፍት ውስጥ፣ በባለቤቷ ክንድ ላይ ያለችውን ትንሽዬ የፑድል ውሻስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

አሜሪካ ውስጥ ከመቶ 12 ያህሉ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የተለየ ነገር ፎቢያ እንደሚይዘው ነግራኛለች። ሴቶች የወንዶችን እጥፍ ያህል ይሆናሉ። የእንስሳ ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው። ብቻዬን አለመሆኔ ትንሽ አቀለለኝ።

እኔ ደግሞ ምክንያቱን ካላወቅሁ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። «ውሻ እኮ ነክሶኝ አያውቅም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ቤቴ እየገባሁ የማነበው ይህንኑ ሆነ።

ሥነ ልቦና የተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕፃን አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር የተባሉ ተመራማሪዎች ባልቲሞር ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ከአንድ ሰዓት በማይርቅ ከተማ፣ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ነጭ አይጥ አሳዩት። ልጁ አልፈራም። ከዚያ አይጧን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ይመቱ ጀመር። ልጁ አይጧን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ይባስ ብሎ ጥንቸልም፣ ውሻም፣ የፀጉር ካፖርትም ፈራ። እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለውን እነሱ ሕፃን አስለቅሰው አረጋገጡት። ፍርሃቱን ሳያክሙለት ልጁ መሄዱ ዛሬም ያናድደኛል።

ግን እኔን ማን በመዶሻ አስደነገጠኝ? እዚህ ላይ የረዳኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ራችማን በ1977 ያስቀመጠው ሐሳብ ነው። ፍርሃት በሦስት መንገድ ይገባል ይላል። አንደኛው ራስ ላይ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ሲፈራ በማየት ነው። ሦስተኛው በወሬ ነው። ወሬውን ነግሬያችኋለሁ፤ የፓስተር ሰፈር ልጅ ወሬ አያጣም።

ማየቱ ደግሞ እማዬ ናት። እጄን ይዛ ስንሄድ ውሻ ብቅ ካለ ጣቶቼን የምትጨብጠኝ ጭብጥ አሁንም ይታወሰኛል። «በስመ አብ!» ብላ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ ኋላዋ ትጎትተኛለች። ሱዛን ሚኔካ የተባለች ተመራማሪ በ1980ዎቹ በዝንጀሮ የሠራችውን ሳነብ እማዬ ፊቴ ድቅን አለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ተወልደው ያደጉት ዝንጀሮዎች እባብ አይፈሩም ነበር። ጫካ ያደጉት እባብ አይተው ሲርበደበዱ ሲመለከቱ ግን ወዲያው ፈሩ። የሚገርመው፣ ቪዲዮ ቆርጠው ቀጥለው ዝንጀሮው አበባ አይቶ የተርበደበደ ሲያስመስሉት የሚያዩት ዝንጀሮዎች አበባውን አልፈሩም። አእምሮ አንዳንዱን ነገር ለመፍራት የተዘጋጀ ይመስላል። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማን በ1971 የጻፈውም ይህንኑ ነው። እኔ ራሴ መኪና ገጭቶኝ መኪናዬ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ በሳምንቱ የሰው መኪና ተውሼ ሥራ ገባሁ። ያልነከሰኝን ውሻ ግን ስፈራ ኖርኩ።

ይህን ሁሉ ቆፍሬ ቴራፒስቷ ፊት ዘረገፍኩት። ፈገግ ብላ «ጥሩ ነው። ማክሰኞ ውሻ እናያለን» አለችኝ።

ለካ ፍርሃት ከየት እንደመጣና ዛሬ ምን እያቆየው እንደሆነ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የሚያቆየው ሽሽቱ ነው። መንገድ በተሻገርኩ ቁጥር ልቤ ይረጋል። ያ እፎይታ ደሞዝ ነው፤ ሽሽቴ ደሞዙን እየተቀበለ በማግስቱም ሥራ ይገባል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦርቫል ሞውረር ይህን ከ1947 ጀምሮ ሲያስረዳ ነበር። በዚያ ላይ የሸሸሁት ውሻ ባልሸሽ ኖሮ ምን ሊያደርገኝ እንደነበር መቼም አላየሁም። ጥርጣሬዬ አንድም ቀን ተፈትኖ አያውቅም።

ስለዚህ ሕክምናው በአጭሩ መጠጋት ነው። ያቺ «ጠጋ ብለሽ ደባብሺው» ያለችኝ ወዳጄ ግማሹን አግኝታዋለች ማለት ነው። ያልገባት አጠጋጉ ነው።

አጠጋጉ የቆየ ታሪክ አለው። ከዋትሰን ሙከራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1924፣ ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ትንሽ ልጅ ስለማከሟ ጻፈች። የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ታሳየዋለች። ቀስ በቀስ ታቀርባታለች። ጥንቸል የማይፈሩ ልጆችም አጠገቡ ያጫውቷታል። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏ ጣቱን እንድትቀነጣጥብ እስከ መፍቀድ ደረሰ። መሐል ላይ ግን ልጁ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ሲወጣ ታክሲው በር ላይ አንድ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው። አብራው የነበረችው ነርስም ክፉኛ ደነገጠች። ያ ሁሉ የተደከመበት ነገር ፈርሶ እንደገና ከታች ተጀመረ። ይህን ሳነብ ፒተርን ወደድኩት።

የእኔ የመጠጋት መሰላል የጀመረው ከስልክ ፎቶ ነው። ከዚያ ቪዲዮ፤ ድምፁ ከምስሉ ይልቅ እንደሚያስፈራኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የውሻ መጫወቻ መናፈሻ አጥር ጥግ መኪና አቁመን፣ መስኮት ዘግተን። ከዚያ መስኮት ከፍተን። ከዚያ ወርደን አጥሩን ተደግፈን። በእያንዳንዱ ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 ቁጥር እሰጠዋለሁ። ይህ የቁጥር ነገር ከጆሴፍ ዎልፒ የመጣ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነበር።

ጃንጥላዬን መኪና ውስጥ እንድተወው ስትነግረኝ ተጣላን ማለት ይቻላል። «ይዘሽው ከቆምሽ፣ ምንም ሳይደርስብሽ ስትቀሪ ያዳነሽ ጃንጥላው ይመስልሻል» አለችኝ። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። ተውኩት።

ትልቁ ቀን ውሻው ቢሮዋ የመጣ ቀን ነው። የሥራ ባልደረባዋ ውሻ ነው፤ ላብራዶር የሚባል ዝርያ፣ ያረጀ፣ ክብደቱ ከእኔ ብዙ የማይተናነስ። ገና ሳይገባ ወረቀት ሰጠችኝ። «ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው? ጻፊው።» ጻፍኩ። «ዘሎ ፊቴን ይነክሰኛል።» ስንት ከመቶ? 90። «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ።» እሱም 90። ውሻው ገባ። ጫማዬን አሸተተና ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ተኛ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ቆሜያለሁ፣ እሱ ያንኮራፋል። እንዳትስቁብኝ፤ አለቀስኩ።

ወረቀቱ ለጨዋታ አልነበረም። ድሮ ቴራፒስቶች ፍርሃቱ እስኪወርድ ድረስ እዚያው ቁሚ ይሉ ነበር። አሁን እንደ ሚሼል ክራስክ ያሉ ተመራማሪዎች የሚያተኩሩት ይሆናል ብለሽ በጠበቅሽውና በሆነው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ልቤ እየመታም ቢሆን ያልነከሰኝ ውሻ አስተምሮኛል። የድሮው ፍርሃት አይፋቅም። አጠገቡ ሌላ ትምህርት ይቀመጣል፤ ሁለቱ ይወዳደራሉ። ለዚህ ነው በአንድ ውሻ መለማመድ የማይበቃው። ትንሽም ትልቅም፣ ጥቁርም ነጭም፣ ቤት ውስጥም መንገድ ላይም መሞከር ነበረብኝ። ጥቁሮቹ አሁንም ይከብዱኛል።

ጀርባውን የነካሁት ከጭራው በኩል ጀምሬ ነው፤ ከአፉ እንዲርቅ። እያደር ወደ ጭንቅላቱ ሄድኩ። ገመዱንም ያዝኩ። የውሻን ገላ ማንበብም ተማርኩ። ጭራ የሚቆላ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ገላው ግትር ካለ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑ ነጭ እየታየ ካየሽ፣ ተይው ማለት ነው። ይህን ማወቅ ከመፍራት በጣም ይሻላል።

ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኦስት ይህን ሁሉ በአንድ ቀጠሮ፣ እስከ 3 ሰዓት በሚፈጅ ክፍለ ጊዜ ማድረግ እንደሚቻል በ1989 ጽፏል። ለብዙ ሰው ይሠራል። የእኔ ኢንሹራንስ ሦስት ሰዓት አንድ ላይ አልከፍልም ስላለ በየሳምንቱ ተቆራርጦ ሆነ።

ራሴን ስቼ እወድቃለሁ ያልኩት ነገር ሌላ በር ከፈተልኝ። «የውሻ ፍርሃት አይጥልም» አለችኝ ቴራፒስቷ። ስትፈሪ የደም ግፊትሽ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ራስን መሳት የሚመጣው ሲወርድ ነው። የሚወርደው ደምና መርፌ በሚፈሩ ሰዎች ነው። እነሱ ላይ ግፊቱ መጀመሪያ ወጣ ይልና ድንገት ይወድቃል። ወንድሜ ትዝ አለኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ግዙፍ ሰው ነው፤ ለስኳር ምርመራ ደም ሊሰጥ ገብቶ ሲሪንጅ ሲያይ እንደ ግንድ ይወድቃል። አባታችንም እንዲሁ ነበር። በቤተሰብ የሚሄድ ዓይነት ነው። ሰዉ ሁሉ ግን «ዘና በል፣ ተንፍስ» ይለዋል። ለሱ ዓይነቱ ዘና ማለት ይብስበታል፤ ግፊቱን የበለጠ ያወርደዋል። የሚረዳው ተቃራኒው ነው። የክንድ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ፊት ሞቅ እስኪል ድረስ መወጠር። ከዚያ 20 ወይም 30 ሰከንድ ወደ ወትሮው መመለስ፤ ሙሉ በሙሉ አለመላላት። ይህንን አምስት ጊዜ ያህል መደጋገም። ደም የሚቀዳበትን ክንድ ግን ሲወጋ ላላ ማድረግ። ይህንንም ኦስትና ባልደረቦቹ ናቸው በ1980ዎቹ ያስለመዱት። ይህንኑ ለወንድሜ በቴሌግራም በድምፅ ላክሁለት። «ነርሷ ምን እያምጥክ ነው አለችኝ፤ ግን አልወደቅሁም» ብሎ መለሰልኝ።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ማታ ከለቅሶ ስንመለስ የሰፈሩ ውሾች ተሰብስበው ሲመጡ ያ የድሮው ፍርሃት እንዳለ መጣ። ቴራፒስቷ ይህ እንደሚሆን አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ አዲሱ ትምህርት የተማርኩበት ቦታ ሌላ ነውና። አልሮጥኩም። በጎኔ ዞሬ፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ድንጋይ ያነሳው የአጎቴ ልጅ ነው፤ እሱ ፎቢያ የለበትም። እዚያ መጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ ይህን ማንም እንዲያስተወኝ አልፈልግም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ክትባት ፍለጋ መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

አሁን የምሠራው ውሻ ያላቸው አንዲት አዛውንት ቤት ነው። ውሻውን ጠዋት የማወጣው እኔ ነኝ። ፊቴን ሊልስ ሲመጣ ግን እገፋዋለሁ። ሴትዮዋ «አትፍሪው፣ እየሳመሽ እኮ ነው!» ይሉኛል። «አልፈራሁትም፣ እማማ። ፊቴን ታጥቤያለሁ» እላቸዋለሁ። ልጄ ደግሞ ውሻ ካልገዛሽልኝ ብላ ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች። እሱ የሚሆን አይመስለኝም።

ለፎቢያ ኪኒን የለውም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ለአንድ አውሮፕላን በረራ ወይም ለአንድ የጥርስ ቀጠሮ ሐኪም የሚያዝበት ጊዜ አለ። ፎቢያን ግን አይነቅልም። የሚያደነዝዙት ኪኒኖች መሐል አንዳንዶቹ ሱስ ይሆናሉ፤ ደንዝዞ የቆመ ሰው ደግሞ ከውሻው ብዙም አይማርም። ቴራፒስት ስትፈልጉ ስልክ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከምፈራው ነገር ጋር ቀስ በቀስ ታገናኘኛለህ ወይስ ስለሱ እናወራለን ብቻ?» ማውራት ብቻ ከሆነ አመስግናችሁ ሌላ ጋ ደውሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታልም ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ እዚያ ገብታችሁ ይህንኑ መጠየቅ ይቻላል። ወረፋው ረጅም ነው። የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ያለባችሁ ጡንቻ የመወጠሩን ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ።